ሴቷም ወንዱም ይሩጡ፦ የልብና የሳንባ ብቃት ከ3 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች

ትንንሽ ልጆች የማይደክሙ ይመስላሉ። ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነስተው ደግሞ ይሮጣሉ። አብሯቸው የሮጠው አዋቂ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ እነሱ ሌላ ጨዋታ ጀምረዋል። ስለዚህ «የልጄ ልብና ሳንባ ምን ያህል ብቁ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚነሳው ልጁ አድጎ፣ ክብደቱ ጨምሮ፣ ደረጃ ሲወጣ ማለክለክ ሲጀምር ነው።

ግን በኬጂ ዕድሜም ልጆች በዚህ ነገር ይለያያሉ። ልዩነቱ ይለካል። ይሻሻላልም። በሴትና በወንድ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። እኔ በዋናነት መናገር የምፈልገው ስለዚህ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚለካ እንይ።

የልብና የሳንባ ብቃት ማለት ሰውነት ሳያቋርጥ ሲንቀሳቀስ ኦክስጅን የመውሰድ፣ የማጓጓዝና የመጠቀም ችሎታው ነው። የዱላ ቅብብል ሩጫን አስቡ። ሳንባ ኦክስጅኑን ከአየር ይቀበላል። ለደም ያቀብላል። ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይሸከመዋል። ልብ ደሙን ይገፋል። መጨረሻ ላይ ጡንቻ ይረከብና ኃይል ያመነጭበታል። ከተቀባዮቹ አንዱ ቢያዘግም የቡድኑ ሰዓት በሙሉ ይበላሻል።

ለዚህ ነው የደም ማነስ ያለበት ልጅ ልቡም ሳንባውም ደህና ሆኖ ቶሎ የሚደክመው። ሳንባው ኦክስጅኑን ይቀበላል፣ ተሸካሚው ግን ጎድሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ ላይ የደም ማነስ አለ የሚለው ሄሞግሎቢኑ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ሲሆን ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ለሚኖሩ ልጆች ቁጥሩ ይስተካከላል። «ልጄ ሰነፍ ነው፣ መጫወት አይወድም» ከማለት በፊት ይህን ማስመርመር ተገቢ ነው። ቀላል የደም ምርመራ ነው።

እንግዲህ ብቃቱ እንዴት ይታወቃል? እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርቺባልድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቹ ጋር ሯጮችን ሲያጠና አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው ፍጥነቱን በጨመረ ቁጥር የሚጠቀመው ኦክስጅንም አብሮ ይጨምራል። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ቢጨምርም ኦክስጅኑ ከዚያ አያልፍም። ያ ጣሪያ የሰውየው ብቃት መለኪያ ሆነ። የሚገለጸውም ሰውነት በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት፣ ስንት ሚሊሊትር ኦክስጅን እንደተጠቀመ በማስላት ነው።

ለልጆች ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥ ብሎ አልሄደም። ስዊድናዊው ፐር ኦሎፍ ኦስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ትልቅ ጥናት ከ4 እስከ 33 ዓመት የሆናቸውን ሴቶችና ወንዶች ለክቷል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶችም ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ። ብዙ ልጆች ጣሪያው ላይ ደርሰው ሲረጉ አይታዩም። ከዚያ በፊት ያቆማሉ። ስለዚህ ልጆችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚመዘግቡት ልጁ በዚያ ፈተና የደረሰበትን ከፍተኛውን መጠን ነው።

የ4 ዓመት ልጅን ፊቷ ላይ ጭምብል አስሮ፣ በመሮጫ ማሽን ላይ አቁሞ፣ «እስክትደክሚ ሩጪ» ማለት ቀላል አይደለም። ጭምብሉ ያስፈራታል። ማሽኑ ያንሸራትታታል። ደግሞስ ለምን ትሩጥ? አዋቂ ሰው «ለሳይንስ ነው» ቢባል ይገባዋል። እሷ ግን ከሰለቻት በቃ፣ ታቆማለች።

ስለዚህ አብዛኛው ጥናት ወደ ሜዳ ወጣ። ካናዳዊው ሉክ ሌዤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጀው የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የሜዳ ፈተናዎች አንዱ ነው። በ20 ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ይሰመራል። ድምፅ ሲሰማ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል። የድምፁ ፍጥነት በየደቂቃው ይጨምራል። ከድምፁ ጋር እኩል መድረስ ያቃተው ይወጣል። መነሻ ፍጥነቱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህ ፍጥነት ለትንንሽ ልጆች ይከብዳል። በስፔን የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ፕሪፊት የሚባል የመለኪያ ስብስብ ሲያዘጋጁ ይህን አስተካከሉት። መነሻው በሰዓት 6.5 ኪሎ ሜትር ሆነ። ልጆቹ በጥቂት በጥቂቱ ተቧድነው ይሮጣሉ። ሁለት አዋቂዎችም አብረዋቸው እየሮጡ ፍጥነቱን ያሳዩዋቸዋል። ይህቺን ነገር ወድጃታለሁ። ልጁን በማሽን ከማዘዝ ይልቅ ትልቅ ሰው ዝቅ ብሎ አብሮት ሮጠ። ፈተናውም የሠራው ለዚህ ነው።

ሆኖም የሜዳ ፈተና ልብና ሳንባን ብቻ አይለካም። ትንሽ ልጅ እርምጃው አጭር ነው። ያንኑ ርቀት ለመሮጥ ብዙ ጊዜ መርገጥ አለበት። አሯሯጡም ገና አልጠራም፤ እጁ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ መዞሪያው ላይ ይንገዳገዳል። ስለዚህ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጥ በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ የበለጠ ኦክስጅን ይጠቀማል። ትኩረትም አለ፤ መሀል ላይ ቢራቢሮ ያየ ልጅ ውጤቱ ዝቅ ይላል። በዚህ ዕድሜ ጥቂት ወራት እንኳ ትልቅ ልዩነት ያመጣሉ። 3 ዓመት የሞላውና 4 ሊሞላው የተቃረበው ልጅ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም። አንድ ልጅ አንድ ቀን ባመጣው ውጤት «ደካማ ነው» ብሎ መፈረጅ ስህተት ነው። ፈተናው የሚጠቅመው ብዙ ልጆችን አንድ ላይ ለማየት፣ ወይም አንዱን ልጅ በጊዜ ሂደት ከራሱ ጋር ለማወዳደር ነው።

አሁን ወደ ትንሿ ልብ እንግባ። የ4 ዓመት ልጅ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም የአዋቂውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን የሚያካክሰው ቶሎ ቶሎ በመምታት ነው። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ80 እስከ 120 አካባቢ ቢመታ ጤናማ ነው። አተነፋፈሱም እንዲሁ ነው። አዋቂው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ ልጁ ከ20 እስከ 30 ይደርሳል። በኃይል ሲሮጥ ልቡ በደቂቃ ወደ 200 ምት ይጠጋል። ደረቱ ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ ብትደነግጡ አይገርምም፤ ግን ጤናማ ነው። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት የሚሠራባት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የምትባለው የጂም ቀመር ለልጆች አትሠራም። ስለዚህ ለአዋቂ የተሠራ የእጅ ሰዓት ቀይ መብራት ቢያሳይ ለልጁ ልብ ምንም ማለት አይደለም።

ታዲያ ለምን የማይደክሙ ይመስላሉ? የልጆች ጡንቻ ኃይል የሚያመነጨው በአብዛኛው በኦክስጅን ነው። ያለ ኦክስጅን በፍጥነት ኃይል የሚያወጣው መንገድ ገና አልጎለበተም። ስለዚህ እንደ አዋቂ በአንድ ጊዜ ብዙ ጉልበት አያወጡም። በምላሹ ጡንቻቸው ቶሎ አይዝልም፣ ሲያርፉም ቶሎ ያገግማሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆችን ካልሠለጠኑ አዋቂዎችና በብሔራዊ ደረጃ ከሚወዳደሩ የጽናት ስፖርተኞች ጋር አወዳድሮ ነበር። ከከባድ ልፋት በኋላ የልጆቹ ማገገም ከስፖርተኞቹ ጋር የሚስተካከል፣ በአንዳንድ መለኪያ እንዲያውም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ከኬጂ ልጆች ከፍ ያሉ ናቸው፤ ሴት ልጆችም አልነበሩበትም። የሰውነት አሠራሩን ግን በደንብ ያሳያል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ እውነት አለ። ልጆች እንደ አዋቂ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ አይሮጡም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ6 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆችን እንቅስቃሴ በየ3 ሰከንዱ እየመዘገበ ተከታትሎ ነበር። ከባድ የሚባለው እንቅስቃሴያቸው አብዛኛውን ጊዜ 3 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይቆያል። ከዚያ ቀለል ያለ ነገር ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ፍንዳታ። በቀን ውስጥ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት። ልብና ሳንባቸው የሚሠራው በዚህ ነው። «አንድ ቦታ አይረጋም» ተብሎ የሚቆጣው ልጅ ለዕድሜው የሚገባውን እያደረገ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን፤ ሴትና ወንድ።

በአዋቂዎች ዘንድ ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ወንዶች በአማካይ ትልቅ ልብ፣ ብዙ ጡንቻ፣ ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን አላቸው። ይህ ልዩነት በዋናነት የሚሰፋው በጉርምስና ወቅት ነው። ከዚያ በፊት የወንዶች ሆርሞን በሁለቱም ፆታ ዝቅተኛ ነው። የሄሞግሎቢን መጠንም በሴትና በወንድ ሕፃናት መካከል ይህን ያህል አይለያይም። ቁመትና ክብደታቸውም ተቀራራቢ ነው። በኬጂ ዕድሜ ያሉ ሴት ልጆች በአማካይ ትንሽ ከፍ ያለ የሰውነት ስብ አላቸው፤ ወንዶቹ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ጡንቻ። ትንሽ ማለት ግን ትንሽ ነው።

በሜዳ ላይስ? በፕሪፊት ፕሮጀክት በስፔን የተለያዩ ከተሞች ከ3,000 በላይ ሕፃናት ተለክተዋል። በምልልስ ሩጫው ወንዶቹ በአማካይ ጥቂት በለጡ። በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን በመጠበቅ ደግሞ ሴቶቹ በለጡ። ይህን አማካይ ስናነብ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሴቶቹ መካከል ያለው ልዩነት፣ በወንዶቹም መካከል ያለው ልዩነት፣ በሁለቱ ፆታ አማካይ መካከል ካለው እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ ከአንድ ክፍል ልጆችን ብታስሮጡ ብዙ ሴቶች ብዙ ወንዶችን ጥለው ይሄዳሉ። አንድን ልጅ አይቶ በፆታው ብቻ ብቃቱን መገመት አይቻልም።

ታዲያ ያቺ ጥቂት ልዩነት ከየት መጣች? ከፊሏ ከላይ ካልናቸው የሰውነት ነገሮች ትመጣለች። ከፊሏ ግን ከአኗኗር ነው የምትመጣው ብዬ አምናለሁ። በወገብ ላይ በሚታሰር የእንቅስቃሴ መለኪያ የተሠሩ ጥናቶች በተለያዩ አገሮች ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። በ3 እና በ4 ዓመታቸው እንኳ ወንዶች ከሴቶች የበለጠ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ተፈጥሮ ነው ማለት አልችልም። አዋቂዎች ምን እንደምናደርግ እንመልከት። ወንዱ ሲወድቅ «ተነስ፣ ጎበዝ» ይባላል። ሴቷ ስትወድቅ ታቅፋ ትቀመጣለች። ለእሱ ኳስ ይገዛል፣ ለእሷ ተቀምጣ የምትጫወትበት ነገር። ልብሷ እንዳይቆሽሽ፣ ጫማዋ እንዳይላጥ፣ ፀጉሯ እንዳይበተን ይነገራታል። በየቀኑ የሚደጋገም ትንሽ «ቁጭ በይ» ዓመት ሙሉ ሲጠራቀም ብዙ ሩጫ ያጎድላል። ያነሰ የሮጠች ልጅ በሩጫ ፈተና ያነሰ ብታመጣ ምን ይደንቃል? ከዚያ ውጤቱን አይተን «ሴት ልጅ ድሮም ሩጫ አይሆንላትም» እንላለን። ይህ ነው የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ለሴት የተለየ፣ ለወንድ የተለየ እንቅስቃሴ የሚያስፈልግበት ምንም የጤና ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው እኩል ሜዳ፣ ለሩጫ የሚመች ልብስ፣ የማይንሸራተት ጫማ፣ ደግሞም እኩል የመውደቅ ፈቃድ ነው። ወንዶቹም ከሴቶቹ ጨዋታ የሚያገኙት አለ። ገመድ መዝለልና በአንድ እግር መዝለል ሚዛንን ያጠነክራሉ። ገመድ ዝላይ ደግሞ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሥራ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር አዋቂ አንድ ደቂቃ ይሞክረው።

ስንት ይንቀሳቀሱ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መመሪያ አውጥቷል። 3 እና 4 ዓመት የሆናቸው ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀሱ ይላል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ትንፋሽ የሚጨምር ይሁን። ሦስት ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል። በቀኑ ውስጥ ተበትኖ የሚቆጠር ስለሆነ ግን አይከብድም፤ መራመድም፣ መውጣት መውረድም፣ አባሮሽም ይደመራል። መመሪያው ተቀምጦ ስክሪን ማየት ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ እንቅልፍም ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲሆን ይመክራል። በጋሪ ወይም በወንበር ታስረው በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆዩም ይላል። መመሪያው ለሴትና ለወንድ ብሎ አልለየም።

ብቃቱ በእርግጥ ይሻሻላል ወይ? ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ሙከራዎች አንዱ በስዊዘርላንድ የተሠራው ባላቤይና የተባለው ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። በ40 የመዋዕለ ሕፃናት ክፍሎች ውስጥ ያሉ ከ600 በላይ ልጆች ተካፍለዋል። አማካይ ዕድሜያቸው 5 ዓመት አካባቢ ነበር። ግማሾቹ ክፍሎች ለአንድ የትምህርት ዓመት በሳምንት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ፣ ጨዋታ የሞላበት እንቅስቃሴ ሠሩ። ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ስክሪንም ትምህርት ነበራቸው። በዓመቱ መጨረሻ እነዚህ ልጆች በምልልስ ሩጫው ከሌሎቹ የተሻለ አመጡ። የሰውነት ስባቸውም ቀነሰ። ክብደትን በቁመት የሚያሰላው መለኪያ ግን አልተቀየረም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለወላጅ ትልቅ ነገር ነው። ሚዛን ላይ ምንም ለውጥ ሳይታይ ልብና ሳንባ ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ ወፍራም ልጅ ሲሮጥ ቆይቶ ክብደቱ አልቀነሰም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ለነገሩ ብቃትን በኪሎ ማካፈል ራሱ ለወፍራም ልጅ አይደላም። ልቡና ሳንባው ጤናማ ሆነው የሚሸከመው ክብደት ብቻ ውጤቱን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። «ልብህ ደካማ ነው» የሚባል ነገር ከዚያ ቁጥር ብቻ አይነሳም።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ከጉርምስና በፊት ያሉ ልጆች በሥልጠና የኦክስጅን ጣሪያቸው የሚጨምረው በአማካይ ከ10 በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ የ4 ዓመት ልጅን በሰዓት ቆጣሪ ማስሮጥ፣ ዙር መቁጠር፣ ማወዳደር ትርፉ ትንሽ ነው። ጉዳቱ ግን አለ፤ ልጁ ሩጫን ይጠላል። በጨዋታ የሚገኘው ትርፍ ሰፊ ነው። አሯሯጡ ይጠራል፣ ያንኑ ርቀት በትንሽ ልፋት ይሮጣል፣ እንቅስቃሴን ይወዳል። ኬጂ ውስጥ ያሉ መምህራንም ትልቅ ዕቃ አያስፈልጋቸውም። ክፍት ቦታ፣ ኳስ፣ መሬት ላይ የተሰመረ መስመር ይበቃል። አንድ ነገር ግን እለምናቸዋለሁ። የተሸነፈ ልጅ የሚወጣበትን ጨዋታ ተዉት። መጀመሪያ የሚወጣው ሁልጊዜ መሮጥ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ተቀምጦ ያያል። ለቅጣት ተብሎ ከሜዳ ማስቀረትም እንደዚሁ ነው።

የሲጋራና የቤት ውስጥ ጭስም ይነካቸዋል። የሳንባ አየር ከረጢቶች በብዛት የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ነው፤ ልጁ በሚያድግበት ቤት አይጨስ።

መቼ ነው ሐኪም ማየት ያለበት? ሮጦ ማለክለክ፣ ፊት መቅላት፣ ልብ መምታት የተለመደ ነው። ጥቂት አርፎ ይመለሳል። እየሮጠ ራሱን የሳተ ልጅ ግን በዚያው ቀን መታየት አለበት። ሲጫወት ደረቱን የሚያመው፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ የሚጠቁር ወይም ሰማያዊ የሚሆን ልጅም ሳይዘገይ ይመርመር። ቀድሞ እንደ እኩዮቹ ይሮጥ የነበረ ልጅ ድንገት ቶሎ ቶሎ መቀመጥ ከጀመረም እንዲሁ። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። ሮጦ ካቆመ በኋላ የሚያስል ወይም ደረቱ ሲር ሲር የሚል ልጅ አስም ሊኖርበት ይችላል። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰደ መሮጥ ይችላል፤ መቀመጥ መፍትሔው አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ የልብ ችግር ላለባቸው ልጆችም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድ ጨዋታ አለ። ሐኪሙን «ምን መጫወት አትችልም?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «ምን መጫወት ትችላለች?» ብላችሁም ጠይቁ። መልሱን በወረቀት አጽፉና ለኬጂ መምህሯ ስጧት።